ቆርቆሮውና ብሩሹ

የቀለም ደንቡን ያረቀቀችው ራሷ ስለሆነች ማንንም መውቀስ አትችልም ነበር።

የጋራ ደን ኮሚቴው ጸሐፊ ናት። እዚያ ኮሚቴ ውስጥ ጸሐፊ ማለት ወንበር የምትደረድር፣ የቀረውን ሰው በስልክ የምትለምን፣ የተኮራረፈውን የምታስታርቅ፣ በመጨረሻም ብቻዋን ያሰበችውን ነገር «ሁሉም በአንድ ድምፅ ተስማሙ» ብላ የምትጽፍ ሴት ማለት ነው። ደኑ የመንግሥት ነው፤ የመንግሥት ስለሆነ የሁሉም ነው፤ የሁሉም ስለሆነም ለረጅም ዘመን የማንም ሳይሆን ኖሯል። በተተከለበት ጊዜ ብዙ መትከል ያሸልም ነበርና ጥዱን ጠቅጥቀው ተከሉት። ጥዱም እንደ ታክሲ ሰልፈኛ ተጣብቆ፣ ወገቡ ሳይወፍር አንገቱን ብቻ እያሰገገ አደገ። ከሥሩ ሣር የለ፣ ቁጥቋጦ የለ፤ ወፍ እንኳ ትከሻዋን ሰብስባ ነው የምታልፈው። የደረቀው ቅርንጫፍ እርስ በርሱ ተቆላልፎ፣ ደኑ በሙሉ ክብሪት የሚጠብቅ ይመስል ነበር።

ክብሪቱ ከጥቂት ዓመታት በፊት መጣ።

እሳቱ ካለፈ በኋላ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲካሰሱ የኖሩት የደን ጽሕፈት ቤቱ፣ የጣውላ ፋብሪካው፣ የተፈጥሮ ወዳጆች ማኅበሩና የውሃ ጽሕፈት ቤቱ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ። የተረፈው ደን ይሳሳ፤ ቀጫጫው ይነሣ፤ ወፍራሙ ይቆይ፤ በተከፈተው ቦታ ድሮ የነበረው አገር በቀል ችግኝ ይመለስበት ተባለ። «ዛፍ ይቆረጥ» የሚለውን ሁሉም ተቀበለ። «ይሄኛው ዛፍ ይቆረጥ» ላይ ሲደርሱ ግን ጠረጴዛው ሊሰነጠቅ ምንም አልቀረው። ማኅበሩ ፋብሪካውን አያምንም፤ ፋብሪካው ማኅበሩን አያምንም፤ የደን ጽሕፈት ቤቱን ደግሞ ራሱ የደን ጽሕፈት ቤቱም አያምነውም።

ጸሐፊዋ ቆርቆሮውንና ብሩሹን ያመጣችው ያኔ ነው። ዛፍ ላይ የሚፈርዱት ሁለት ሰዎች ይሁኑ አለች፤ አንዱ ከቆራጮች፣ አንዱ ከተከራካሪዎች። ቀዩን ቀለም በቆርቆሮ የሚይዘው ቆራጩ ነው፤ ብሩሹን የሚይዘው ተከራካሪው። ቀይ የተቀባ ግንድ ይቆረጣል። ቀለም ያለ ብሩሽ፣ ብሩሽም ያለ ቀለም ምንም ስለማይፈይድ፣ ሁለቱ ካልተስማሙ አንድም ግንድ አይቀላም። መስማማት ካቃታቸው ነጭ ጨርቅ ያስሩበትና ኮሚቴ ፊት ይቀርባሉ፤ እዚያም እያንዳንዳቸው ምክንያታቸውን በገዛ አንደበታቸው ያስረዳሉ። የደን ጽሕፈት ቤቱ ባለሙያ ይህን ሲሰማ ከወንበሩ ብድግ ብሎ «ይሄ እኮ ለሌሎች ደኖችም የሚሰፋ ተሞክሮ ነው!» አለ።

እሷ ግን ያሰበችው ስለ ሌሎች ደኖች አልነበረም። ስለ ሁለት ወንድሞቿ ነበር።

ታላቅየው የጣውላ ፋብሪካው የቆራጮች አለቃ ነው። ሲያዛጋ እንኳ የሞተር መጋዝ ድምፅ የሚያሰማ ግዙፍ ሰው ነው፤ አገር ምድሩ «ባለመጋዙ» ይለዋል። ታናሽየው የማኅበሩ የሕግ ሰው ነው፤ ጢሙ ደረቱ ላይ ቢደርስም በቤትም በሰፈርም እስካሁን «ማሙሽ» ነው። የሁለቱም ታላቅ እሷ ናት፤ «እትዬ» ይሏታል።

አባታቸው የደን ጠባቂ ነበር። ከእሳቱ በፊት በነበረው ዓመት፣ ዳገቱ ላይ ያለው የደን ክፍል ሊሳሳ ታቅዶ ነበር፤ ማሙሽ ከሶ አሳገደው። ከዳገቱ ሥር ያለውን ደግሞ የባለመጋዙ ቡድን ቆርጦ ጨርሶ፣ የደረቀውን ቅርንጫፍ ከምሮ «ነገ ይነሣል» እንዳለ ትቶት ነበር። እሳቱ ከክምሩ ተነሣ፤ ያልሳሳው ዳገት ውስጥ ገባ። አባታቸውን በማግሥቱ ትልቁ ጥድ ሥር አገኙት፤ ጀርባውን ለግንዱ ሰጥቶ፣ እግሩን ዘርግቶ፣ እንደደከመው ሰው ተቀምጦ። የገደለው ጭሱ ነበር፤ ልብሱ እንኳ አልተቃጠለም።

ቀብሩ ላይ ባለመጋዙ «አባዬን የገደለው ያንተ ክስ ነው» አለ። ማሙሽ «አባዬን የገደለው ያንተ ክምር ነው» አለ። ከዚያ ወዲህ በመካከላቸው አንድም ቃል አላለፈም። እህታቸውን የሚያሳብዳት ሁለቱም እውነታቸውን መሆኑ ነበር። አንደኛው ቢዋሽ ኖሮ እርቁ ይቀል ነበር።

እናታቸው ዓይኗ ከጠፋ ቆይቷል። አሁን ደግሞ ልቧ ደክሞ አልጋ ይዛለች፤ ሐኪሙም ለጸሐፊዋ ኮሪደር ላይ በለሆሳስ «ደስ የሚላትን አድርጉላት» ብሏታል፤ ይህን ሐኪም ሲናገረው ምን ማለት እንደሆነ ሁሉም ሰው ያውቃል። ልጆቿ ይጠይቋታል፤ ባለመጋዙ በጠዋት ወደ ሥራ ሲሄድ፣ ማሙሽ ወደ ማታ ከሥራ ሲመለስ።

«በፈረቃ ያዙኝ እኮ» አለች አንድ ቀን። «አንዱ ሲወጣ አንዱ ይገባል። ባንክ ነኝ እንዴ የምጠበቀው?»

«ሥራ ይዟቸው ነው እማዬ።»

«ዝም በይ። የጠፋው ዓይኔ ነው እንጂ ልቤ አልጠፋም።» ከዚያ እጇን በብርድ ልብሱ ላይ እያንሸራተተች የልጇን እጅ ፈልጋ ያዘች። «ሁለቱን ባንድ ክፍል ልስማቸው። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«ቢጣሉስ?»

«ይጣሉዋ! ሲጣሉም እኮ አንድ ላይ ነው የሚጣሉት።»

ጸሐፊዋ ለባለመጋዙ ነገረችው። «እሱ ይጀምር፤ ታናሽ እሱ ነው» አላት። ለማሙሽ ነገረችው። «እሱ ይጀምር፤ ታላቅ እሱ ነው» አላት። ሁለቱም ለእናታቸው ሲሉ እሳት ውስጥ የሚገቡ ልጆች ነበሩ፤ ያቃታቸው አንድ ሳሎን ውስጥ መግባት ብቻ ነው።

እናም የቀለም ጥንዶቹን ስም ስታነብ «በዕጣ ነው የወጣው» ብላ ዓይኗን ሳታሽ ዋሸች። ቆርቆሮው ለባለመጋዙ፣ ብሩሹ ለማሙሽ ደረሰ። አንድ ቀን ሙሉ አንድ ደን ውስጥ፣ እያንዳንዱ ዛፍ ሥር «ይቆረጥ?» «አይ፣ ይቆይ» መባባላቸው የማይቀር ነው። ቢያንስ ይሰዳደባሉ። ስድብም ቃል ነው፤ የጀመረ ሰው ደግሞ ይቀጥላል።

በሦስተኛው ቀን ልታያቸው ወጣች። አንድ የወደቀ ግንድ ላይ ተቀመጠችና ጆሮዋን ቀሰረች።

ማሙሽ አንድ ቀጫጫ ጥድ ዞሮ አየ፤ አንጋጦ ጫፉን አየ፤ ብሩሹን ወደፊት ዘረጋ። ባለመጋዙ የቆርቆሮውን ክዳን ከፈተ። ማሙሽ ነከረ፤ ቀባ። ክዳኑ ተዘጋ። ወደሚቀጥለው አለፉ። እዚያ ባለመጋዙ ክዳኑን በጣቱ ኳ አደረገው፤ ይቆረጥ ማለቱ ነው። ማሙሽ ብሩሹን ብብቱ ሥር ወተፈው፤ አይቆረጥም ማለቱ ነው። ባለመጋዙ ግንዱን በመዳፉ ዳሰሰው፣ ትንሽ አሰበ፣ ትከሻውን ሰብቆ አለፈ። ዘረጋ፣ ከፈተ፣ ነከረ፣ ቀባ፣ ዘጋ። እንደ ልብስ ስፌት መኪና። ከእነሱ ይልቅ ግንድ የምትቆረቁረው ወፍ ታወራ ነበር።

«ሥራው እንዴት ነው?» አለች ጸሐፊዋ አላስችል ብሏት።

«ጥሩ ነው እትዬ» አለ ባለመጋዙ።

«ጥሩ ነው እትዬ» አለ ማሙሽ።

«አትነጋገሩም እንዴ?»

ባለመጋዙ ወደ ሰማይ አየና «እስቲ ለወንድምሽ ንገሪው፤ ብሩሹ እየደረቀ ነው» አላት።

«ለወንድምሽ ንገሪው፤ አይቼዋለሁ» አለ ማሙሽ፣ ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ።

ያኔ ገባት። ሁለት ሰዎች ሳይተማመኑ እንዲሠሩ ብላ ያወጣችው ደንብ በጣም ስላማረ፣ ሳይነጋገሩም የሚሠራ ሆኖ ተገኝቷል። ጭራሽ በሳምንቱ መጨረሻ ባለሙያው ኮሚቴ ፊት አመሰገናቸው። «ሌሎቹ ጥንዶች አንድ ዛፍ ሥር ግማሽ ቀን ሲጨቃጨቁ ይውላሉ። እነዚህን ተመልከቱ! ወንድማማችነት ማለት ይሄ ነው» አለ። ወንድማማቾቹ በጠረጴዛው ሁለት ጫፍ ተቀምጠው፣ አንዱ ጣሪያውን አንዱ ወለሉን ያዩ ነበር።

እናታቸው በየቀኑ ትጠይቃለች። «ዛሬስ?»

«ዛሬም አልሆነም እማዬ።»

«ይሁን።» ትንፋሿ አጥሯል። «ዛፍ ግን አለቀ እንዴ?»

ዛፍ ሊያልቅ ሲል የቀረው ዳገቱ ብቻ ነበር፤ በመጨረሻ እዚያም ወጡ። ያን ቀን ሁለቱም ለየብቻቸው ከደን ወርደው፣ ለየብቻቸው ቢሮዋ በር ላይ ቆሙ። ቀድሞ የገባው ባለመጋዙ ነው። ቆርቆሮውን መሬት ላይ አስቀመጠና እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ፤ እጁ ላይ ግን ቀለም አልነበረም።

«አንዱ ላይ ነጭ ጨርቅ አስረናል።»

የትኛው ብላ አልጠየቀችም። እዚያ ዳገት ላይ ስም የማያስፈልገው ዛፍ አንድ ብቻ ነው። ከአንድ ጎኑ ከሰል የሆነ፣ በሌላው ጎኑ አሁንም የሚለመልም፣ አናቱ የተቦረቦረ ትልቅ ጥድ።

«አንተ ይቆረጥ አልክ፤ እሱ እምቢ አለ» አለች። «ምን ነበረበት አንድ ዛፍ ብትተውለት?»

«አይደለም እትዬ። እሱ ብሩሹን ዘረጋ። ክዳኑን ያልከፈትኩት እኔ ነኝ።»

ብዕሯን አስቀመጠች። ዕድሜውን ሙሉ ዛፍ ሲጥል የኖረው «ይቆይ» ብሏል፤ ዕድሜውን ሙሉ ዛፍ ከመጋዝ ሲያስጥል የኖረው «ይውደቅ» ብሏል። ማዘን ነበረባት፤ አዝናለችም። ነገር ግን በሐዘኑ ሥር አንዲት የምታሳፍር ደስታ ብቅ አለች። ነጭ ጨርቅ ማለት ኮሚቴ ማለት ነው። ኮሚቴ ማለት በገዛ አንደበት ማለት ነው።

ለኮሚቴው አባላት «አዳራሹ ቀለም እየተቀባ ስለሆነ ስብሰባው እኛ ቤት ይሁን» ብላ ደወለች። እናቷ ይህን ስትሰማ ፀጉሯን አስበጠረች፤ ንጹሕ ቀሚስ ለበሰች። «አልጋዬን አዙሩልኝ» አለች። «የቀኝ ጆሮዬ ይሻላል፤ ወደ በሩ ይሁን።» ጸሐፊዋና ጎረቤቷ አልጋውን ገፍተው አዞሩላት። የመኝታ ቤቱን በር ገርበብ ሳይሆን ወለል አድርገው ከፈቱት።

ስብሰባው ሊጀመር ሲል የውሃ ጽሕፈት ቤቱ ተወካይ የለም። ጸሐፊዋ ደወለች። ሰውየው ስለ ሕዝብ ተሳትፎ በሚሰጥ ሥልጠና ላይ ስለሆነ ሊሳተፍ እንደማይችል በትሕትና አስረዳት።

«እንግዲህ ምልዓተ ጉባኤ አልሞላም» አለ ባለሙያው፣ ገና ያልተቀመጠበትን ወንበር እየመለሰ።

«ዝም ብለን ብንወያይስ? ሳይመዘገብ፣ እንደ ጨዋታ?» አለች ጸሐፊዋ። ድምፅዋ ልመና ሆኖባታል።

«ያለ ምልዓተ ጉባኤ የተነገረ ነገር እንዳልተነገረ ይቆጠራል። ደንቡ ያንቺ ነው እኮ፣ እመቤት።»

የጣውላ ፋብሪካው ባለቤት ሰዓቱን አየ። የማኅበሩ ሊቀመንበር ሻዩን አየ። ባለመጋዙ ሶፋው ጫፍ ላይ፣ ማሙሽ መስኮቱ ሥር፣ ሁለቱም ደንቡን እንደ ብርድ ልብስ ተከናንበው ተቀመጡ። አንዱ ሳለ። ትንሽ ቆይቶ ሌላው ሳለ።

«መጥተዋል?» አለች እናታቸው ከውስጥ።

ጸሐፊዋ ሮጣ ገባች። «መጥተዋል እማዬ።»

«ሳላቸውን ሰማሁት። የትልቁ ሳል እንዳባቱ ነው።» ፈገግ አለች። «ታዲያ ለምን አይናገሩም?»

«ምልዓተ ጉባኤ አልተገኘም እማዬ።»

እናቷ ትንሽ አሰበች። «እሱ ደግሞ የማን ልጅ ነው?»

ሳሎን ያለው ሰው ሁሉ ሰምቷል። የፋብሪካው ባለቤት ሳቁን በመሐረብ አፈነ። ወንድማማቾቹም አፋቸው ጫፍ ላይ ሳቅ መጣባቸው፤ ዓይናቸው ሊገጣጠም ለጥቂት ሲቀረው ማሙሽ ወደ መስኮቱ ዞረ። እዚያች ቅጽበት ላይ አንደኛው አፉን ቢከፍት ኖሮ! «እማዬ፣ አለን» ቢል። አላሉም። ስብሰባው ለሚቀጥለው ሳምንት ተላለፈና ባለመጋዙ በዋናው በር፣ ማሙሽ በጓሮ በር ወጡ።

ሳምንቱ ሳይሞላ እናታቸው ሞተች። በቀትር፣ ፀጥ ብላ፣ የቀኝ ጆሮዋን ወደ በሩ እንዳደረገች።

ለቅሶ ቤት ውስጥ ኮሚቴው በሙሉ ተገኘ። የውሃ ጽሕፈት ቤቱ ሰውም ከሥልጠናው የተሰጠውን ቦርሳ እንዳንጠለጠለ መጣ፤ ቦርሳው ላይ «እንሳተፍ!» የሚል ተጽፎበታል። ባለሙያው ተቀምጦ፣ ተክዞ፣ ሳያስበው በዓይኑ ሰው ቆጠረና ወደ ጎኑ ጠጋ ብሎ «አይ ጊዜ! ዛሬ እኮ ሞልተን ነበር» አለ። ክፋት አልነበረውም፤ የለመደበት ነገር ነው።

ጸሐፊዋ ሰማችው። ከተቀመጠችበት ተነሣች።

«ስብሰባው ተከፍቷል» አለች።

«ልጄ፣ ሐዘኑ ነው፤ ቁጭ በይ» አለቻት ጎረቤቷ ቀሚሷን ይዛ።

«አጀንዳው አንድ ነው። ነጭ ጨርቅ የታሰረበት ዛፍ። ምልዓተ ጉባኤ ሞልቷል። በገዛ አንደበት ይላል ደንቡ። ተናገሩ!»

«እትዬ...» አለ ማሙሽ።

«ለእኔ አይደለም! ለእኔ ስትናገሩ ኖራችኋል።»

ባለመጋዙ ከግድግዳው ጥግ ተነሣ። ትላልቅ እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው አያውቅም።

«እንግዲህ... ለኮሚቴው የማስረዳው...» አለና ቆመ። እንደገና ጀመረ። «እጄ እምቢ ብሎኝ አያውቅም። ስንቱን ጥያለሁ። እሱ ጋ ስደርስ ክዳኑን መክፈት አቃተኝ። አባዬ ተደግፎት ነው የሞተው። ያን ቀን ጀርባውን የያዘለት ያ ዛፍ ነው። እኔ አልያዝኩለትም፤ አንተም አልያዝክለትም።»

«አንተ» አለው። ጸሐፊዋ ሰማች።

ማሙሽ መሬት መሬት እያየ ተናገረ። «ለስንት ዛፍ ፍርድ ቤት ቆሜያለሁ። ለእሱ አልቆምም። ግማሹ ከሰል ነው፤ ባየሁት ቁጥር የአባዬን ጫማ ነው የማየው። እሱን ላለማየት ገደሉን ዞሬ ነው የማልፈው። ይውደቅልኝ።»

«በገደሉ በኩል ነው የምትዞረው?»

«አዎ።»

«እዚያ እኮ ያንሸራትታል።»

«አንተስ በየት ታልፋለህ?»

«እኔ በወንዙ በኩል እዞራለሁ» አለ ባለመጋዙ። «ያውም መጋዝ ተሸክሜ።»

ሁለቱ በአንድ ክፍል ውስጥ ነበሩ። ድምፃቸው ወለል ብሎ በተከፈተው በር በኩል ወደ መኝታ ቤቱ ይገባል። ጸሐፊዋ ወደዚያ አየች። ፍራሹ ወጥቶ ውጭ ግድግዳ ላይ ተደግፏል። የአልጋው ብረት ብቻ፣ እናቷ እንዳስዞረችው፣ ወደ በሩ ዞሮ ቀርቷል።

እስከ ወንበሩ መድረስ አልቻለችም። መሬት ላይ ነው የተቀመጠችው። ወንድሞቿ ከሁለት ጥግ መጥተው፣ አንዱ በቀኝ አንዱ በግራ ብብቷን ይዘው አነሷት።

ዛፉ ላይ ግን አልተስማሙም። ደንቡ ደግሞ የሚለው ግልጽ ነው፦ ኮሚቴ ፊትም ካልተስማሙ ዛፉ ይቆያል፤ ጥንዶቹ በየዓመቱ ሄደው እንደገና ይፈርዱበታል።

በዓመቱ ሄዱ። ጸሐፊዋ ከኋላቸው ወጣች። ዳገቱ ሳስቷል፤ ቀጫጫው ጥድ ተነሥቶ ፀሐይ መሬት ነክታለች፤ ሰው ያልዘራው ሣር በቅሏል፤ የአገር በቀል ችግኞቹ ጉልበት ደርሰዋል። ክምር የሚባል የለም፤ ባለመጋዙ የመጨረሻዋን ጭራሮ ሳይቀር አስነሥቷል። ትልቁ ጥድ ገላጣው መሐል ብቻውን ቆሟል፤ ጨርቁ ዝናብና ፀሐይ ተፈራርቀውበት ነጭነቱን ትቷል። ሦስቱም አንድ ላይ በዚህ መንገድ ሲመጡ የመጀመሪያቸው ነው።

ማሙሽ ግንዱን ዞረው። ጥቁሩ ጎን ጋ ሲደርስ ዓይኑን ጨፈነ፤ ከዚያ ገለጠ። ብሩሹን አልዘረጋም። ባለመጋዙም ክዳኑን ኳ አላደረገም።

«ጋሼ» አለ ማሙሽ።

«አቤት።»

«እኔ አሁንም ይቆረጥ ነው የምለው።»

«እኔም ይቆይ ነው የምለው።»

«አናቱ ተቦርቡሯል እኮ። ሰው ላይ ይወድቃል።»

«አጥር አደርግለታለሁ።»

«አጥር ምን ያደርግለታል፣ ጋሼ? ከላይ ነው የሚወድቀው!»

«ከላይ ሲወድቅ አጥሩ ውስጥ ይወድቃላ! አንተ ልጅ ሕግ እንጂ አጥር አታውቅም!»

ባለመጋዙ ከኪሱ አዲስ ነጭ ጨርቅ አወጣ። አንዱን ጫፍ ለማሙሽ ሰጠው፤ ግንዱ ወፍራም ስለሆነ ብቻውን የሚያስረው ሰው የለም። እየዞሩ፣ እየተከራከሩ አሰሩት። ጸሐፊዋ አንድ የወደቀ ግንድ ላይ ተቀምጣ ስትሰማቸው ቆየች። በመካከላቸው ያለው የአንድ ዛፍ ውፍረት ነው፤ በሹክሹክታ ቢያወሩም ይሰማማሉ። እነሱ ግን ይጮኹ ነበር፤ ቃሉን አንድ በአንድ እያጎሉ፣ ሌላ ክፍል ለተኛ ሰው እንደሚያሰሙ።